የወጊው በሬ ጌታ

ከመገናኛ ተነሥቶ በኮተቤ በኩል ወደ ሰንዳፋና ወደ ደብረ ብርሃን በሚያመራው ጎዳና ዳር የምትገኘው ላምበረት፥ ዛሬ የአውቶቡስ ጥሩንባና የረዳት ጥሪ የማይለያት የመናኸሪያ ሰፈር ብትሆንም፥ ስሟን ቆም ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው የምታወራው የከተማ ወሬ ሳይሆን የገበሬ ወሬ ነው፤ ላም ትላለች፥ በረትም ትላለች። ከብት የሚያረባ ሰው ደግሞ ፊደል ባይቆጥር እንኳ ስለ ዘር ሊቅ ነው፤ የየትኛዋ ላም ጥጃ አድጋ ስትታለብ እንደምትራገጥ፥ የየትኛው ኮርማ ውላጅ ቀንበር እንደሚሰብር፥ የየትኛውም ቀንድ ወደ ሰው እንደሚፈጥን፥ ከአባቱ ሰምቶ በዓይኑም አይቶ ያውቀዋል።

በዚያ መናኸሪያ አጠገብ በአንድ ማለዳ፥ የወሎን አውቶቡስ የሚጠብቁ ሁለት ሽማግሌዎች በአገራቸው ሰው ገድሎ ስለ ተያዘ አንድ ጎልማሳ ሲነጋገሩ ሰማሁ። አንደኛው፥ «ምን ይደረግ ብለህ ነው ወንድም ዓለም፥ አያቱም ገዳይ ነበር፥ አባቱም በሰው ደም ታስሮ ነው የሞተው፤ ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ። ሁለተኛው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «እሱስ ይሁን፤ ግን የዚያው አባት ልጅ፥ ታናሽ ወንድሙ፥ ቅዳሴ ገብቶ የሚያገለግል ዲያቆን አይደለም? እሳትም እኮ አመድ ይወልዳል» ብለው መለሱ። ይህ ምሳሌ እንደ ልማዱ የጀግና ልጅ ሰነፍ ሆኖ ሲገኝ የሚነገር ቢሆንም፥ ሽማግሌው ገልብጠው ለበጎ ተጠቀሙበት። አውቶቡሱ መጣና ክርክሩ ሳይቋጭ ተሳፈሩ፤ ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ሰው ገዳይ ሆኖ ይወለዳልን? ቢወለድስ፥ ፈቅዶ ባልተቀበለው ውርስ ምክንያት ስለ ሠራው ሥራ በየትኛው ፍርድ ይጠየቃል?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት የሰውን ተፈጥሮ ሲያስተምሩ፥ አራቱን ባሕርያተ ሥጋ እሳትን፥ ነፋስን፥ ውሃንና መሬትን፥ ሦስቱንም ባሕርያተ ነፍስ ልባዊትን፥ ነባቢትንና ሕያዊትን ይቆጥራሉ፤ ቁጣንም ለእሳቱ ባሕርይ ይሰጣሉ። ስለዚህ በሰው ሥጋ ውስጥ የሚነድ ነገር እንዳለ፥ ይህም ሰው መርጦ ያላመጣው የፍጥረቱ ክፍል እንደ ሆነ፥ አበው አልሸሸጉም፤ ይሁን እንጂ እሳቱ ብቻውን እንዲገዛ አልፈቀዱለትም፥ በላዩ ልባዊትን ነፍስ አስቀምጠዋልና። ከአዳም የወረስነው ድካም ደግሞ የሁላችን በመሆኑ፥ አንዱ ወንድም ገዳይ አንዱ ዲያቆን የሆነበትን ምክንያት ብቻውን ሊነግረን አይችልም። ቃየንና አቤል ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት ተወልደዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው፥ ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ግፍ አመጣጥ የሚተርከው ነገር ነው። መጽሐፉ በምድር ላይ ደም የፈሰሰበትን ምክንያት ሲያስረዳ በአንድ ምክንያት አይረካም። በአንድ ወገን፥ ትጉሃን የተባሉት መላእክት ከሰው ልጆች ሴቶች ጋር ተዋሕደው ረዓይት የተባሉትን ግዙፋን እንደ ወለዱ፥ እነዚህም የሰውን ድካም ጨርሰው ሰውን ራሱን መብላት እንደ ጀመሩ ይናገራል፤ ይህ በልደት የመጣ ግፍ ነው። በሌላ ወገን፥ አዛዝኤል ሰይፍንና ጋሻን መሥራት ለሰው እንዳስተማረ ይናገራል፤ ይህ ደግሞ በትምህርት የመጣ ግፍ ነው። የዛሬው ዓለም «በተፈጥሮ ነው ወይስ በአስተዳደግ?» እያለ ሲከራከርበት የኖረውን ጉዳይ ያ ጥንታዊ መጽሐፍ ከሁለት ሳይከፍል በአንድ ታሪክ ውስጥ አስቀምጦታል። የአንድምታ መምህር አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በሁለትና በሦስት መንገድ ሲፈታ፥ ኋለኛው ፍቺ ፊተኛውን እንደማይሽረው ሁሉ፥ የግፍም ምክንያት አንድም ልደት፥ አንድም ትምህርት ነው።

የዘመናችን ሥነ ፍጥረት መርማሪዎች ወደዚህ «አንድም» የደረሱት ብዙ ተሳስተው ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው መጽሐፉ፥ ወንጀለኛ ማለት ሲወለድ ጀምሮ በራስ ቅሉና በፊቱ ቅርጽ የሚታወቅ፥ ወደ ጥንታዊው አውሬነት የተመለሰ ፍጡር ነው ብሎ አስተማረ፤ ለዚህም «አረመኔ» ያላቸውን ሕዝቦች፥ ጥቁሮችን ጭምር፥ ምሳሌ አድርጎ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ በስኮትላንድ፥ አደገኛ የአእምሮ ሕሙማን በሚጠበቁበት ሆስፒታል በተደረገ ምርመራ፥ ተጨማሪ የዋይ ክሮሞሶም ያላቸው ወንዶች ከሚጠበቀው ቁጥር በላይ ስለ ተገኙ፥ የገዳይነት ምልክት ተገኘ ተብሎ በየጋዜጣው ተወራ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ በዴንማርክ የተደረገው ሰፊ ጥናት ግን እነዚህ ሰዎች ከሌላው የበለጠ ጨካኞች ሆነው እንዳልተገኙ አሳየ።

በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1993፥ ሃን ብሩነር የተባለው የኔዘርላንድ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር፥ ወንዶቹ ሲቆጡ ወይም ሲደነግጡ ድንገት ወደ ዱላ፥ ወደ ቃጠሎና ወደ መድፈር የሚሄዱበትን አንድ ቤተ ሰብ መርምሮ፥ ኤም ኤ ኦ ኤ በተባለው ዘረ መል ላይ የአንዲት ፊደል ያህል ስሕተት አገኘ። ይህ ዘረ መል በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኝ ወንድ ልጅ የሚወርሰው ከእናቱ ነው፤ ሥራውም፥ በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያመላልሱትን እንደ ሴሮቶኒን ያሉ ቅመሞች ሥራቸውን ከፈጸሙ በኋላ የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ማስገኘት ነው። እናቶቹ ሁለት ኤክስ ስላላቸው፥ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላቸዋል፤ ወንዶቹ ግን ምትክ የላቸውም። እንዲህ ፈጽሞ የተበላሸው ዓይነት እጅግ ብርቅ ነው፤ ሥራው የደከመው ዓይነት ግን በብዙ ሰው ዘንድ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ የጥያቄው ክብደት ያለው በዚህ ላይ ነው።

ስለዚሁ ደካማ ዓይነት በኒውዚላንድ በደኒደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ 1,037 ልጆችን ከሕፃንነት ጀምሮ የተከታተሉ መርማሪዎች፥ ከእነዚያ መካከል 442 ወንዶችን መርጠው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2002 ገለጡ። ዘረ መሉ የደከመባቸውና በልጅነታቸው የተገረፉት፥ የተጣሉትና የተበደሉት ልጆች ከመቶ 12 ብቻ ሲሆኑ፥ በዚያ ትውልድ ወንዶች ላይ በግፍ ወንጀል ከተሰጠው ፍርድ ከመቶ 44ቱ የእነርሱ ሆኖ ተገኘ፤ ያው ደካማ ዘረ መል ያላቸው፥ ነገር ግን በደኅና እጅ ያደጉት ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ ግፈኞች አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርመራዎች አንዳንዶቹ ይህን አጽንተዋል፥ ሌሎቹ አላገኙትም፤ ሊቃውንቱም ዛሬ የሚያምኑት አንድ ዘረ መል ገዳይ እንደማያደርግ፥ የጠባይ ውርስ የሚመጣውም እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት በሚገፉ ብዙ ዘረ መሎች እንደ ሆነ ነው። በዴንማርክም እ.ኤ.አ. በ1984 የ14,427 የጉዲፈቻ ልጆች መዝገብ በተመረመረ ጊዜ፥ በንብረት ላይ በሚሠራው ወንጀል የወላጅ አባትና እናት ታሪክ በልጁ ላይ ሲታይ፥ በሰው አካል ላይ በሚሠራው ግፍ ግን እንዲህ ያለ ግንኙነት ጎልቶ አልታየም። ይህን ውጤት የሰማ ሰው «ሌባነት ይወረሳል፥ ገዳይነት አይወረስም» ብሎ ለመደምደም እንዳይቸኩል፥ የግፍ ወንጀል ቁጥሩ አነስተኛ በመሆኑ ለመመዘን አስቸጋሪ መሆኑን ማስታወስ ይገባዋል።

መንታዎችን ከመንታዎች በማወዳደር የሚደረጉት ጥናቶች፥ በሰዎች መካከል ከሚታየው የጠበኝነት ልዩነት ግማሽ ያህሉን ለውርስ ይሰጣሉ። ነገር ግን «ግማሽ» የሚለው ቃል እንዳያሳስተን። ይህ ቁጥር በብዙ ሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት የሚናገር እንጂ፥ በአንድ ሰው ውስጥ ካለው ቁጣ ግማሹ የአያቱ፥ ግማሹ የጎረቤቱ ነው ማለት አይደለም፤ በሌማት ላይ የቀረበውን እንጀራ ይዞ፥ ስንቱ ከጤፉ፥ ስንቱ ከምጣዱ፥ ስንቱ ከእርሾው መጣ ብሎ እንደማይቆረስ ሁሉ፥ የሰውም ጠባይ ከተጋገረ በኋላ በዚህ መንገድ አይከፋፈልም።

እንግዲህ የግፍን ዘረ መል አጥብቆ የሚፈልግ ሰው፥ ከሁሉ የተረጋገጠው ምልክት በእጁ እያለ ነው የሚደክመው። በዓለም ላይ ሰው ገድለው ከሚጠረጠሩት ከመቶ ዘጠና ያህሉ ወንዶች ናቸው፤ ይህም ዋይ በተባለው፥ አባት ለወንድ ልጁ ብቻ በሚያወርሰው ክሮሞሶም የተጻፈ ልዩነት ነው። ሆኖም ወንድ ሆኖ መወለድን ይቅርታ አድርጎ ለፍርድ ቤት ያቀረበ ጠበቃ አላየንም፥ ወንድን ሁሉ አስቀድሞ የሚያስር መንግሥትም አላየንም። ይህን ያህል ጎልቶ የሚታይ ውርስ ከኃላፊነት ካላወጣን፥ በጥቂት መጠን የሚገፋ ስውር ውርስ እንዴት ሊያወጣን ይችላል?

በሌላ በኩል፥ የክፋት ውርስ አለ ብለው ባመኑ ጊዜ ሰዎች የሠሩትን ማስታወስ ግድ ነው። በእኛው አገር፥ ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ ያበጀለትን፥ ሸክላ ሠርታ ወጥ የሠራችበትን፥ ሸማ ሠርቶ ያለበሰውን ወገን፥ ሕዝቡ ቡዳ ነው፥ ዓይኑ ሰው ይበላል፥ ይህም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል እያለ ከማዕዱና ከጋብቻው ሲለየው ኖሯል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው። በአሜሪካም የማይገባ ዘር እንዳይበዛ በሚል ሕግ፥ በሃያኛው መቶ ዓመት ውስጥ ከ60,000 የሚበልጡ ሰዎች እንዳይወልዱ ተደርገዋል፤ ጀርመን በ1933 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የዚሁ ዓይነት ሕግ የት እንዳደረሳት ዓለም ያውቃል።

ከሁሉ የሚመረው ትምህርት ግን በዚሁ በአዲስ አበባ የተሰጠው ነው። ሎምብሮዞ አረመኔነትን በአፍሪካውያን ፊት ላይ ሲፈልግ ከኖረ ከስድሳ ዓመት በኋላ፥ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወራሪ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ፥ በቤታቸው ደጋግ አባቶች ተብለው የሚጠሩ የጣሊያን ሠራተኞችና ወታደሮች ዱላና አካፋ፥ ጩቤና ቤንዚን ይዘው ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝቡን ፈጁት፤ የኢትዮጵያ መንግሥት በኋላ የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ያህል አድርጎ አስታውቋል። የእነዚያ ሰዎች ዘር በየካቲት 11 አልተለወጠም፥ በየካቲት 16ም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ፈቃድ የሰጣቸው ድምፅ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን በየቀበሌው የጎረቤታቸውን ልጅ አሳልፈው የሰጡትም እናቶቻቸው ከዓመት በፊት የወለዷቸው አዲስ ዘሮች አልነበሩም። ግፍ በአንዲት ከተማ ውስጥ በአንድ ዓመት እንደ ጎርፍ ሞልቶ በሌላው ዓመት መጉደሉ፥ ዘር በአንድ ዓመት ሊለወጥ አለመቻሉን ለሚያውቅ ሰው በቂ ማስረጃ ነው።

የደምን ውርስ ወደ ፍርድ ያገባው አጉል ልማድ ደግሞ ደም መመለስ ነው። ገዳዩ ቢሰወር ወንድሙ፥ ወንድሙ ቢታጣ ልጁ ይፈለጋል፤ በሟቹም ቤት፥ አባቱ የተገደለበት ሕፃን አፉን ሳይፈታ ደመኛው ማን እንደ ሆነ ይነገረዋል፥ ሲያድግም ደሙን ያልመለሰ ወንድ እየተባለ በፉከራና በሽለላ ይወቀሳል። ይህ ልማድ በዘር ያምናል እንጂ ዘርን አያምንም፤ ዘር ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ፥ ሕፃኑን ቂም ለማስተማር ይህን ያህል ድካም ባላስፈለገ ነበር። አዛዝኤል ዛሬም ተማሪ አላጣም። ነቢዩ ሕዝቅኤል ግን በምዕራፍ 18፥ ልጅ በአባቱ ኃጢአት እንደማይሞት ገልጦ አስተማረ፤ በመጽሐፈ ነገሥትም ንጉሡ አሜስያስ አባቱን የገደሉትን ሰዎች ሲቀጣ፥ የኦሪትን ሕግ አስቦ ልጆቻቸውን እንደ ተወ ተጽፏል። በዘመኑ አባቱ የተገደለበት ንጉሥ የገዳዮቹን ልጆች መተዉ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሕጋችንም የሄደው በዚህ መንገድ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጻዊው ሊቅ በኢብን አል አሳል የተሰበሰበውና ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፥ ሕፃንንና አእምሮ የሌለውን ገዳይ እንደ ሌላው አይቀጣም። ስዊሳዊው ሊቅ ዣን ግራቨን አርቅቆት በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ እርሱንም ተክቶ በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግ ይህንኑ መሠረት አጽንተዋል። የኋለኛው ሕግ በ48ኛው አንቀጹ፥ ሰውን ከኃላፊነት የሚያወጡትን ምክንያቶች ሲዘረዝር ዕድሜን፥ ሕመምን፥ የአእምሮ እድገት መዘግየትን ከጠቀሰ በኋላ፥ ሌላ ተመሳሳይ ሥነ ሕይወታዊ ምክንያትንም ይጨምራል። ዘረ መልን የያዘ ጠበቃ በዚህ በር ሊገባ የሚችል ይመስላል። ነገር ግን የበሩ ቁልፍ ምክንያቱ አይደለም፤ ሕጉ የሚጠይቀው፥ ተከሳሹ ድርጊቱን በፈጸመበት ሰዓት የሥራውን ምንነትና ውጤት ለማወቅ ወይም በዕውቀቱ መሠረት ራሱን ለመግዛት አይችልም ነበርን? የሚለውን ነው። በከፊል ብቻ የማይችለውንም 49ኛው አንቀጽ በከፊል ኃላፊ ያደርገዋል፤ ዳኛው ሲጠራጠር ደግሞ የባለሙያ አስተያየት እንዲጠይቅ በ51ኛው አንቀጽ ታዟል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ውርስ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፥ ፍርድ ግን ሊሆን አይችልም።

በጣሊያን አገር በትሪየስቴ ከተማ የሚገኝ የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009፥ ሰው ገድሎ ዘጠኝ ዓመት ከሁለት ወር የተፈረደበትን አንድ ስደተኛ፥ ስለ ዘረ መሉ የቀረበውንም ማስረጃ ተቀብሎ፥ አንድ ዓመት ቀንሶለታል። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ በአሜሪካ ለ181 ዳኞች የሐሳብ ክስ ተሰጥቷቸው፥ ስለ ተከሳሹ አንጎልና ዘረ መል የተነገራቸው ዳኞች የፈረዱት ቅጣት በአማካይ በአንድ ዓመት ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ሆኖም ከእነርሱ አንዳንዶቹ ያንኑ ማስረጃ፥ ሰውየው ወደፊትም የማይታመን መሆኑን የሚያሳይ አድርገው ቆጥረውታል። ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ ማለት ይህ ነው፤ ዛሬ «ምን ያድርግ፥ ተወልዶበት ነው» ብሎ የሚያሳዝነን አፍ፥ ነገ «ተወልዶበት ነውና አይፈታ» ብሎ ይፈርዳል።

ከዚህ ጭንቅ የሚያወጣ መንገድ ያገኘሁት፥ ስሟ በረት በሆነው በዚህች ሰፈር ቆሜ የኦሪት ዘጸአትን 21ኛ ምዕራፍ ሳስብ ነው። ሕጉ እንዲህ ይፈርዳል፤ በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል፥ በሬው ይወገራል፥ ጌታው ግን ንጹሕ ነው። በሬው አስቀድሞ ወጊ ከሆነ፥ ለጌታውም ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ቢገድል ግን፥ ጌታውም በሞት ወይም በቤዛ ይጠየቃል። ልብ እንበል፤ በሁለቱ ፍርዶች መካከል በቀንዱ ስለት ልዩነት የለም፥ የሟቹም ደም አንድ ነው። ልዩነቱ የተነገረው ጌታና ያልተነገረው ጌታ ነው።

ሰው በራሱ ውስጥ በሬም ጌታም ነው። እሳት ባሕርዩ፥ ከአያቱ የወረሰው ችኩልነት፥ በአንጎሉ ውስጥ ሳይፈርስ የሚቀረው ቅመም፥ እነዚህ ሁሉ የበሬው ናቸው፤ ልባዊት ነፍሱ ግን የበሬው ጌታ ናት። ስለዚህ የዘረ መል ዕውቀት የሚነካው ጌታውን ነው፤ እስከ አሁን ድረስ «በሬዬ መውጋቱን አላወቅሁም» ሊል ይችል የነበረውን ሰው፥ ከእንግዲህ ተነግሮሃል ይለዋል። የቁጡ ልጅ መሆኑን ያወቀ ሰው፥ መጠጥ ሲቀርብለት፥ መሣሪያ ሲታጠቅ፥ ጠብ ወዳለበት ሲሄድ፥ ከማያውቀው ሰው ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባዋል እንጂ ይልቅ ሊዝናና አይገባውም። ቃየንም የተነገረው ጌታ ነበር፤ ፊቱ በጠቆረ ጊዜ፥ ወንድሙን ሳይገድል ገና፥ ኃጢአት በደጁ እንዳደባችና ሊገዛት እንደሚገባው እግዚአብሔር አስቀድሞ አስጠንቅቆት ነበር።

ነገር ግን በሬው አንድ ጌታ ብቻ የለውም። የደኒደን መርማሪዎች ያገኙት፥ ወጊ ሆኖ የተወለደው ሳይሆን ወጊ ሆኖ ተወልዶ በረቱ የፈረሰበት ራሱም እንደሚጎዳ ሌላውንም እንደሚጎዳ ነው፤ ሕፃን ደግሞ የራሱን በረት አያጥርም። አባትና እናት፥ የንስሐ አባትና መምህር፥ መንደርና መንግሥት፥ ሁሉም በየድርሻቸው ከተነገራቸው ጌቶች ወገን ናቸው። ገዳዩ በችሎት ቆሞ ድርሻውን ሲቀበል፥ ሌሎቹ ጌቶች ተመልካች ሆነው በወንበር መቀመጣቸው ፍርዱን ሐሰት ባያደርገውም ጎዶሎ ያደርገዋል።

ይህን ሐሳብ የሚቃወም ሰው፥ ቀንዱን የሚያሾለው ያው ውርስ አጥሩንም የሚያላላ ቢሆንስ? ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ቁጣን የሚያነሣው ሥጋ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ቁጣን የሚገታው ልጓምም በግንባር በኩል ባለው አንጎል ላይ የተመሠረተ ነውና፥ ለአንዱ ጠንካራ ለሌላው ሰላላ ሆኖ ሊሰጥ ይችላል። ለዚህ የምመልሰው፥ የሰው ፍርድ ቤት የሚመዝነው ሥራን መሆኑን፥ ትግልን ግን ሊመዝን አለመቻሉን አምኜ ነው። በተአምረ ማርያም ስለ በላዔ ሰብእ የተተረከውን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ 78 ነፍስ የበላው ሰው፥ ለአንድ የተጠማ ሰው በእመቤታችን ስም የሰጣት ጥርኝ ውሃ በሚዛን ላይ ወጥታ ተመዘነችለት። ታሪኩ ብዙ ጊዜ ስለ ምሕረት ብዛት ብቻ ይነገራል፤ እኔ ግን በውስጡ ስለ ሚዛን የሚናገር ነገር አያለሁ። ቁጣ የማያውቀው የዋህ ሰው የሚሰጠው ውሃ ቀላል ነው፤ በውስጡ አውሬ የሚያገሳበት ሰው የሚሰጠው ጥርኝ ግን ምን ያህል እንደሚከብድ፥ የሚያውቀው ያን አውሬ ያየ ዳኛ ብቻ ነው። ዳኞቻችን ይህን ሚዛን አልተሰጣቸውም፤ ስለዚህም በፍርዳቸው ለምሕረት ቦታ መተው ይገባቸዋል።

ውርሱ ሳይጠፋ ጌታው ሊያሸንፍ እንደሚችል ደግሞ፥ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ሰኔ 24 ቀን የምታስበው ሙሴ ጸሊም ምስክር ነው። ይህ ሰው በአራተኛው መቶ ዓመት በግብጽ ምድር ወንበዴና ነፍሰ ገዳይ የነበረ፥ በጉልበቱም የተፈራ ሰው ነበር። በአስቄጥስ በረሃ ከመነኮሰ በኋላ አራት ሌቦች በበኣቱ በገቡበት ጊዜ፥ አራቱንም አሸንፎ አስሮ፥ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸውና፥ እኔ ማንንም ልጎዳ አይገባኝምና ምን ላድርጋቸው? ብሎ አባቶችን ጠየቀ። አራት ሰው የሚሸከመው ትከሻ የድሮው ትከሻ ነው፤ ቀንዱ አልተቆረጠም። ብዙ ዓመት በጾም፥ በጸሎትና በመምህሩ በአባ ኤስድሮስ ትዕግሥት ታጥሮ፥ ከበረቱ ሳይወጣ መኖርን ተማረ እንጂ።

ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ልመለስ። ዘር ከልጓም ይስባል ያሉት አባት፥ ዘር መሳቡን መናገራቸው እውነት ነው፤ ምሳሌው ግን ልጓሙን አውልቁ አላለም፥ የሚስብ ፈረስ ያለው ሰው ልጓም እንዲያጠብቅ ያሳስባል እንጂ። ይልቁንም ይህን ምሳሌ በዚያ ጎልማሳ ላይ የተናገሩ ጊዜ፥ ሳያስቡት በራሳቸውና በመንደራቸው ላይ መሰከሩ። አያቱን ያውቁ ነበር፥ አባቱንም ያውቁ ነበር፤ ልጁም በመካከላቸው ሲያድግ አይተውታል። ታናሹን ወንድም አንድ ሰው እጁን ይዞ ወደ ቤተ ክህነት ወስዶታል፤ ታላቁን ግን ማንም አልወሰደውም። እንግዲህ ያ በሬ ወጊ መሆኑ ለጌቶቹ ተነግሯቸው ነበር።